ብርሃን የማያስገባው ኮንቴይነር

ኮንቴይነሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሰፈሩ ሰው የእድሩ ሽማግሌዎች የመረጡት ይመስለዋል፤ አብረውኝ ስለነበሩ ነው። ቀለሙን በቁልፍ የፋቅሁት፣ ተንበርክኬ ወለሉን ያሸተትኩት፣ በመጨረሻም "ይኸኛው ይሁን" ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ድርቁ አልፎ ጦርነቱ ያላለፈበት ጊዜ። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ ነው። እኔ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ደብዳቤ ከላከልን ስምንት ወር ሆኖታል። እናቴ በየሳምንቱ ሰኞ ወደ ፖስታ ቤት ትልከኛለች፤ ሄጄ እመለስና "የለም" እላታለሁ። እሷም "እሺ" ትላለች። ከዚያ በላይ ስለ እሱ አናወራም።

የእድራችን ዕቃ ለብዙ ዓመት የሚቀመጠው በቀበሌው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ፣ ሳህኖቹ፣ ቃሬዛው፣ ሁሉም እዚያ ነው። በዚያ ዓመት ቀበሌው ክፍሏን ለኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና ማከማቻ ፈለጋትና ልቀቁ ተባልን። ዕቃው ተበተነ። ወንበሩ አንዱ ቤት፣ ድስቱ ሌላው ቤት ሄደ፤ ድንኳኑ በዕቃ ክፍሉ ግቢ ላስቲክ ለበሰ። ዕቃ ክፍል የምንለው ንብረት የሚጠብቀውን ሰውዬ ነው። ቀድሞ መርካቶ ሱቅ ነበረው፤ ሱቁ ከቀረ በኋላ ወሬውና ቀልዱ ብቻ ቀርቶለታል። ሰኔ ሲገባ ላስቲኩ ተቀደደና ድንኳኑ ውሃ ጠጣ።

አንድ ረቡዕ ማታ የእድሩ ሰብሳቢ ቤታችን መጡ። በጤና ጣቢያ ቁስል ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። እናቴ ቆሎ አቀረበችላቸው፤ አልነኩትም።

"አሰብ ወደብ ሄደህ ስለ ኮንቴይነር ጽፈህ ነበር አይደል?" አሉኝ።

"ስለ እህል ማራገፉ ነው የጻፍኩት፤ ኮንቴይነሩንም አይቻለሁ።"

"ያየ ይበቃናል። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ካለው የመንግሥት ግቢ አንድ እንድንወስድ ቀበሌው ደብዳቤ ጽፎልናል። መምረጥ የሚችል ሰው ጠፋ። ነገ እንሂድ።"

"ነገ ሥራ አለኝ። ቅዳሜ ቢሆንስ?"

"ቅዳሜ ይረፍዳል" አሉ። ለምን እንደሚረፍድ አልነገሩኝም። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ግቢያችንን አዩ። ከደጃፉ እስከ አጥሩ በዝግታ ተራመዱ፤ ከአጥሩ እስከ ኩሽናው ደግመው ተራመዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ሽማግሌ ስለሆኑ እግራቸውን የሚያፍታቱ መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ፣ ከጋሼና ከዕቃ ክፍሉ ጋር ሦስት ሆነን ሄድን። ግቢው ሰፊ ነው፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የእርዳታ እህል ይዘው መጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ኮንቴይነሮች እዚህም እዚያም ተደርድረዋል። ዘበኛው በወጣትነቱ አሰብ ላይ ጫኝና አውራጅ የነበረ፣ አንድ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። ደብዳቤውን ዘቅዝቆ ያዘና ማኅተሙን ብቻ አይቶ መለሰልን።

"ከአራቱ አንዱን ነው" አለና በጣቱ አሳየን።

ዕቃ ክፍሉ ወደ ሰማያዊው ፈጠነ። "ይቺ ሙሽራ ናት! ቀለሟን እዩልኝ! ምን ምርጫ ያስፈልጋል?"

"ሙሽራ መቼም ተኳኩላ ነው የምትወጣው" አለ ዘበኛው።

የቤቴን ቁልፍ አውጥቼ የታችኛውን ጥግ ፋቅሁት። ቀለሙ ተላጠ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት ነበር። በቁልፉ ጫፍ ገፋ ባደርገው ወደ ውስጥ አለፈ።

"ሙሽሪት ጥርስ የላትም" አለ ዕቃ ክፍሉ። ትቷት ሄደ።

ሁለተኛው ረጅሙ ነበር፤ የሌሎቹን ሁለት እጥፍ ይሆናል። ጤነኛ ነው፤ መዝጊያው እንኳ በአንድ እጅ ይከፈታል። ግን ወደ ሰፈራችን በምታስገባው መንገድ መታጠፊያ ላይ አጭር የጭነት መኪና እንኳ ተቸግሮ ነው የሚዞረው። ጋሼ አንዴ አዩትና፣ "ይኸ ከገባ እኛ እንወጣለን" አሉ።

ሦስተኛው አረንጓዴ ነው። ውስጡ ንጹሕ፣ የወለሉ ጣውላ ሳይሰነጠቅ ያለ። እዚያ ላይ ነው የተንበረከክሁት። አፍንጫዬን ወደ ጣውላው ሳስጠጋ የተባይ መድኃኒት ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሽታው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፤ በውሃ አይለቅም።

"ሳህን የምናስቀምጥበት ነው" አልኩ። "ይኸ አይሆንም።"

ዕቃ ክፍሉ ሳቀ። "ልናስተዛዝን ሄደን ራሳችን ልንቀበር ነዋ! ሰውየውን ለመቅበር ስንት ሰው..." አለና ድንገት አቆመ። ጋሼን አየ። ጋሼ ጭቃውን አዩ። ዕቃ ክፍሉ ቀልዱን ሳይጨርስ ሲተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አራተኛው የመጨረሻው አስቀያሚ ነበር። ቡናማ፣ አንድ ጎኑ የተጨረመተ፣ በሩ ለሁለት ሰው የሚከብድ። ቁልፌ ግን ከቀለሙ አላለፈም። የበሩ ማሸጊያ ጎማ አልተቆረጠም። ወለሉ የሚሸተው ስንዴ ነው። አሰብ ላይ አንድ ሠራተኛ እንዳስተማረኝ የቀረው አንድ ፈተና ብቻ ነበር። ኮንቴይነርን ከውጭ አያዩትም፤ ውስጥ ገብተው በሩን ያስዘጋሉ፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ዝናብም ይገባበታል።

"ዝጉብኝ" አልኩ።

"እኔም እገባለሁ" አሉ ጋሼ።

በሩ ተዘጋ። የውጭው ድምፅ ሁሉ ቆመ። ጣሪያውን፣ ማዕዘኖቹን፣ የወለሉን ዳር እያየሁ ዞርኩ። ዓይኔ እስኪለምድ ጠበቅሁ፤ የሚለምደው ነገር አልነበረም። የጋሼ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ያን ጊዜ የሰበሰብኳቸው ነገሮች ተራ በተራ መጡ፦ ያልተነካው ቆሎ፣ ቅዳሜ የሚረፍደው ነገር፣ የተቋረጠው ቀልድ።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ግቢያችንን በእርምጃ ሲለኩ አይቻለሁ።"

እግራቸው ጣውላው ላይ ተንፏቀቀ።

"ለድንኳኑ የተቸኮለው ለማን ነው?"

"ብርሃን ይታይሃል?" አሉኝ።

"አይታየኝም።"

"አንድም ቦታ?"

"አንድም ቦታ።"

"እንግዲያው ይኸኛው ይሻላል፣ ልጄ" አሉ፤ እጃቸው በጨለማው ውስጥ ትከሻዬን ፈልጎ አገኘው።

ወንድሜ መሞቱን ያወቅሁት እንዲህ ነው። የመሞቱ ደብዳቤ ቀበሌ ደርሶ፣ ከቀበሌ ለጋሼ ተሰጥቶ፣ አሥራ ሁለት ቀን በኮት ኪሳቸው ውስጥ እንደቆየ በኋላ ተነገረኝ። መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው። እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ሳያሰናዳ እናትን በባዶ ግቢ አያስለቅስም። ድንኳኑ ደግሞ ርጥብ ነው፤ በክረምት የሚሰጣበት ቦታ የለም። ኮንቴይነር እስኪገኝ ጠበቁ። መምረጥ የሚችል ሰው ሲፈልጉ ከሰፈሩ ሁሉ እኔን አገኙ።

በሩ ሲከፈት ዓይኔ አለቀሰ፤ ከብርሃኑ ነው። ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ለዘበኛው "ይኸኛው ይሁን" አልኩትና ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የኮንቴይነሩን ቁጥር ጻፍኩ።

"ጋዜጠኛው" አለኝ ዘበኛው፣ "የብረት ነገር ከጋዜጣ የተማርክ ትመስላለህ፣ ግን አላበላሸህም። አንድ ነገር ስማኝ። ይኸ ነገር ያልበዋል። ሌሊት ብርድ ሲመታው ጣሪያው ከውስጥ ያንጠባጥባል። ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ጨርቅ ግድግዳውን አይንካ። ዝናብ ባባራ ቁጥር በሩን ክፈቱለት።"

ይህንንም ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ክሬን ያለው መኪና አምጥቶ አራት ድንጋዮች ላይ አስቀመጠው። ቦታው ከበራችን ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። ውስጡ ገመድ ወጥሮ ድንኳኑን ማንጠልጠል የዕቃ ክፍሉ ሐሳብ ነበር። ሁለቱን በሮች ከፍተን፣ በሁለት ከሰል ማንደጃ እያሞቅን፣ ዓርብንና ቅዳሜን አደረቅነው። ሰዎች ወንበር ይዘው ይመጣሉ፤ እኔን ሲያዩ ሰላምታቸው ያጥራል። እኔም እንደማላውቅ ሆኜ ተቀበልኳቸው። ለእናቴ መንገር እችል ነበር። ሠላሳ እርምጃ ነው። ግን በእኛ ዘንድ መርዶን ልጅ አያረዳም፤ እኔ ያወቅሁትም ማወቅ በማይገባኝ ጊዜ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳኑ ደረቀና መሐሉ ላይ ክንድ የሚያህል ቅድ ተገኘ። እናቴ ከቤት ሆና ስትሰማ ኖሮ፣ ወፍራም መርፌና ክር ይዛ መጣች። በሰፈሩ ስፌት አዋቂ እሷ ነበረች።

ዕቃ ክፍሉ መርፌውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። "እትዬ፣ ተዪው፤ እኛ እንሰፋዋለን።"

"እናንተ?" አለች። "አንተ የሱሪህን ቁልፍ መስፋት አቅቶህ በሽቦ አስረኸው የለም ወይ?"

ሴቶቹ ለመሳቅ ሞከሩ። ዕቃ ክፍሉ ሱሪውን አየ፤ እውነት ሽቦ ነበር። አንዲት ጎረቤት ፊቷን ወደ ኮንቴይነሩ አዞረች። እናቴን የሚያስቆም ቃል የነበረው ሰው አልነበረም፤ ያ ቃል መርዶው ራሱ ነው።

አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ሸራውን ጭኗ ላይ ዘረጋች። "ና፣ ያዝልኝ" አለችኝ። ቅዱን በሁለት እጄ ወጥሬ ያዝኩ። ክሩን ድርብ አድርጋ፣ እያጠበቀች፣ በየስፌቱ እየቋጠረች ሰፋች። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቷል።

"የሰው ነገር አይታወቅም" አለች ስትጨርስ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "ነገ ለማን እንደሚተከል።"

እሑድ ሲነጋጋ መጡ። ጋሼ ከፊት፣ ሌሎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። አየቻቸው፤ ቆጠረቻቸው። ከዚያ እነሱን ትታ ከትከሻቸው በላይ ወደ ኮንቴይነሩ ተመለከተች። በሩ ተከፍቶ ወጣቶች ድንኳኑን እያወጡ ነበር። ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የጮኸችው።

የለቅሶውን ሦስቱንም ቀን ዘነበ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ ሰዉ ካርታ ይጫወታል፣ ንፍሮ ይዞራል። አንድ የቀበሌ ሰው ስለ እናት አገር አጭር ንግግር አደረገ፤ ሰዉ ወደ ካርታው ተመለሰ። እኔ በተቀመጥኩበት ሆኜ ሸራውን አያለሁ። ስፌቱ በትክክል ከእናቴ ራስ በላይ ነበር። ጠብ አላለም።

ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሊነሣ ሲል፣ ሰዉ ከሳሳ በኋላ እናቴ አጠገቧ እንድቀመጥ ምልክት ሰጠችኝ። ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

"አንተ ወሬ ለቃሚ ነህ" አለች። "ሥራህ ነው። መቼ አወቅህ?"

የማውቀውን መለስኩላት። "ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት። ኮንቴይነሩ ውስጥ።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ጋሼ አብረውኝ ነበሩ።"

"ቅዳሜ ስሰፋ ታውቅ ነበር ማለት ነው።"

"አውቅ ነበር።"

ቀና ብላ ስፌቱን አየችው። ውጭ ዕቃ ክፍሉ ካስማ እንዲነቀል ይጮሃል፤ ሸራው መሬት እንዳይነካ፣ ግድግዳ እንዳይነካ፣ የዘበኛውን ምክር አንድ በአንድ እየደገመ።

"እጅህ አልተንቀጠቀጠም" አለችኝ።

"አልተንቀጠቀጠም" አልኩ።

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። እኔ ወጥቼ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዝኩ፤ አጥፈን፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቀን ጣውላ ላይ አስቀመጥነው። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር በሩን ክፍት ተውነው።