የአል ኻሊዲያው ቀይ ማሳ

ሰቢሃ በምትሠራበት የዐረብ አገር ቤት፣ አል ኻሊዲያ ዐሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ አቧራ ሥዕል ፍሬም ላይ ለማረፍ ፈርቶ ከተማውን ለቆ ወጥቷል። ማዳም ለይላ ያንን ግዙፍ ሥዕል ሳሎን ከሰቀለች ወዲህ፣ ሰቢሃ በቀን አርባ ጊዜ ትወለውለዋለች። ጨርቋ ፍሬሙ ላይ፣ ዓይኗ ማሳው ላይ።

ማሳው ቀይ፣ ዛፎቹ ሰማያዊ ናቸው። ሠዓሊው የያዘው ብሩሽ ይሁን አካፋ አይታወቅም፤ ቀለሙ እንደ ግድግዳ ጭቃ ተመርጓል። ሰቢሃ የወሎ ገበሬ ልጅ ናት፤ ማሳ አይታ ምን እንደተዘራበት ካላወቀች ምሳ አይወርድላትም። ይሄኛው ግን ስድስት ሳምንት አፍጥጣበትም ማሽላ ይሁን ጤፍ አልለይ አላት።

ይባስ ብሎ የማዳም ባል፣ “ዛፍ ካማረሽ አል ሂሊ እርሻችን ቴምር ሞልቶልሽ የለ!” አለና ሥዕሉ ሐሙስ ወደ እርሻው ዕቃ ቤት እንዲጫን አዘዘ።

“ኸላስ፣ አበቃ፤ ነገ እወስደዋለሁ” አላት ሹፌሩ ዳውድ ረቡዕ ጠዋት። “ሰውየው ቀለም ደፋበት እንጂ ምንም አልዘራበትም።”

“አንተ የደሴ ልጅ! ጤፍ የምታውቀው ወፍጮ ቤት ነው። ባዶ መሬት እንዲህ አይቀላም።”

ጊዜ የላትም። ሥዕሉን በስልኳ አንስታ አገር ቤት ላለው አባቷ ለአቶ ዓሊ ላከችው። ለምሳ ሳህን ስትደረድር የድምፅ መልእክት ገባ። ከጀርባው የቀበሌው ግማሽ ይንጫጫል።

“አንቺ ሰቢሃ፣ ቀይ ጤፍ ነው እኮ! ደርሶ ወደ ጎን ተኝቷል፣ አታይም? በግራ በኩል ያለው ጥቁሩ ነገር ዝናብ ነው። ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጨዱት በያቸው! ዛፉ ሰማያዊ ሆነ ብለሽ ደግሞ እንዳትስቂ፤ ዛፍ ከሩቅ መቼ አረንጓዴ ሆኖ ያውቃል?”

“ማነው እንዲህ የሚቆጣው?” አለች ማዳም።

“አባቴ ነው፣ ማዳም። ማሳሽ አልታጨደም ብሎ ነው።” ሰቢሃ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችላት።

ማዳም ሥዕሉን ከገዛችው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊቱ ቆመች። ሁለት እርምጃ አፈገፈገች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ከባሕር ዳርቻው መንገድ ማዶ በሩቁ ያሉትን ዛፎች አየችና ወደ ሥዕሉ ተመለሰች።

“ዝናቡ የቱ ነው?”

“ያ፣ ጥጉ ላይ።”

ማዳም ስልኳን አንስታ ዳውድን ጠራች። “ነገ ምንም አይጫንም” አለችው። ከዚያ ወደ ሰቢሃ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አባትሽን ጠይቂልኝ፤ ስንት አጫጅ ይበቃዋል?”