ሴቶች በሹራብ፣ ወንዶች በካናቴራ

ዛሬም ድረስ ቀይ የሱፍ ሹራብ ሳይ ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ የእኛ የቢቸና አውራጃና የሞጣ አውራጃ ተማሪዎች በሩጫ እንዲወዳደሩ ቀን ተቆረጠ። አንደኛ የወጣች ልጅ ደብረ ማርቆስ ሄዳ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ትሰለፋለች ተባለ። ታላቅ እህቴ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እናታችን እንኳ ፊት ለፊት ብትቆጣትም፣ ለጎረቤት ስታወራ "ልጄ ማርቆስ ልትሄድልኝ ነው" ትል ነበር።

የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ግን ሴት ልጅ ክንዷን ገልጣ ስትሮጥ ማየት አይፈልግም። ለወንዶቹ ካናቴራ ሲያድል ለሴቶቹ ወፍራም ቀይ የሱፍ ሹራብ አሠራ። ልምምዱ ማለዳ፣ በብርድ፣ በሶምሶማ ስለነበር ሹራቡ ማንንም አላስቸገረም፤ እንዲያውም ይመች ነበር። በሶምሶማ የሚሄድ ሰውነትና ባለ በሌለ ኃይሉ የሚሮጥ ሰውነት ግን አንድ አይደለም። ሩጫው ሲከር ሙቀቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ ላቡም ነፋስ ካላገኘው አያበርድም። ይህን ለማወቅ አንድ ዳገት በሹራብ መሮጥ ይበቃ ነበር። እሱ ከወንበሩ ተነስቶ አያውቅም።

በጭነት መኪና ተጭነን በግንደወይን በኩል ሞጣ ገባን። ሰማዩ ዳምኖ ነበር። እህቴ መነሻው ላይ ቆማ፣ "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሹራቡን ላውልቀው? ከውስጥ ሸሚዝ ለብሻለሁ" አለችው።

"በዚህ ብርድ ምን ሙቀት አለ? አታወልቂም" አላት። ያው ሰውዬ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲደሰኩር ነበር።

እህቴ ሁሉንም ጥላቸው መጣች። ወደ ገበያው የሚያስገባው ዳገት ላይ ስትደርስ፣ ከኋላዋ ማንም ሳይታይ፣ መንገዱን ስታ ትንገዳገድ ጀመር፤ ከዚያ ወደቀች። ዳገቱ ጫፍ ቆሜ እጠብቃት ስለነበር ሮጬ ደረስኩ፤ ስነካት ቆዳዋ ያቃጥላል። የሞጣ ሴቶች "ምች ነው የመታት፤ ላቧ ላይ ብርድ እንዳይገባባት" እያሉ በጋቢ ጠቀለሏትና ዳማከሴ ያሹላት ጀመር። በእነሱ አልፈርድም፤ አዝነው የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። እኔን ግን ያ ሁሉ ጨርቅ አናደደኝ። ጋቢውን ገፈፍኩ፣ ሹራቡን ጎትቼ አወለቅሁ፣ አጠገባችን ካለው ጠላ ቤት ደጃፍ ባልዲ ሙሉ ውሃ አንስቼ አፈሰስኩባት።

"ይቺ ልጅ እህቷን ልትገድል ነው" አሉ። ደግሜ ቀድቼ አፈሰስኩባት። ብዙ ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና "አንደኛ ገባሁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቢቸና እንደተመለስን ሊቀ መንበሩ በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ የኮሚቴውን ውሳኔ አሰማ። የሴት ልጅ ሰውነት ሩጫ ስለማይችል ከእንግዲህ የሚሮጡት ወንዶች ብቻ ናቸው አለ። ስለ ሹራቡ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያን ዳገት ወንዶቹ በካናቴራ እንደወጡትም የነገረው የለም። ሰው ሁሉ እውነቱን እያየ ዝም ማለቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዓመቱ ውድድሩ ቢቸና ሆነ። ሴቶቹ መንገድ ዳር ቆመን እንድናጨበጭብ ታዘዝን፤ እህቴም ቆመች። የመጀመሪያው ልጅ እግሩን እየጎተተ ሲያልፍ እስከ መጨረሻው በዓይኗ ሸኘችው።

"በዚህ ሩጫ ነው ማርቆስ የሚሄደው?" አለችኝ። ከዚያ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ለማንም አላጨበጨበችም።