ለእትዬ ባንቺአየሁ ያልተከፈተው ገጽ

ዛሬ ጧት አዲስ የትምህርት ድረ ገጽ ልንሞክር ቁጭ እንዳልን፣ እንደ ልማዴ የመጀመሪያዋን ተማሪ ስም ጻፍኩ፤ ባንቺአየሁ። ወጣቷ ባልደረባዬ ሣቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ እኚህ ሴትዮ ስንት ጊዜ ነው የሚመዘገቡት? ዘመድዎ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ ውለታቸው ግን ከዘመድ አያንስም። ታሪኩን ካልነገሩኝ ብላ ሥራውን አቆመችው።

ያኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የርቀት ትምህርት ክፍል ተቀጥሬ ነበር፤ ጢሜ እንኳ በወጉ አልበቀለም። ሥራዬ የተማሪዎቹን ድረ ገጽ መጠበቅ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ነስሩ የፒያሳ ነጋዴዎች ልጅ ነው፤ ምላሱ ምላጭ፣ ልቡ ግን የዋህ። ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ይጾማል። ነስሩ ከቤቱ ሳምቡሳ ሲያመጣ ለእኔ ብሎ የምስሩን ለይቶ ያስጠቀልላል። እስቲ አሁን እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ዶፉ እየወረደ፣ አንዲት ሴትዮ በሩን አንኳኩ። ነጠላቸው በስብሷል፣ ጫማቸው ጭቃ ጠጥቷል። መምህርት ባንቺአየሁ ይባላሉ፤ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ነው የመጡት። ያ መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል፤ ማኪናው ሲሰምጥ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘዋል። ጽሑፉ የሚገባው በድረ ገጹ ብቻ ነው፤ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ገጹ በራሱ ይዘጋል። ካመለጣቸው ምረቃው ለከርሞ ነው። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሞክረው እንቢ ሲላቸው በባጃጅ ወደ እኛ መጡ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ስሜን በጻፍኩለት ቁጥር ‹የሰርቨር ውስጣዊ ስህተት› ይለኛል። ምን በደልኩት?» አሉኝ።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ። ሁሉን ነገር በኔትወርክ ማሳበብ ልማዳችን ነበር። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁት፤ ያው ነው። በሌላ ኮምፒውተር ሞከርን፤ ያው ነው። ነስሩ በዚያው ኮምፒውተር በራሱ ስም ሲገባ ግን ገጹ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«እኔን ለይቶ ጠላኝ በሉኛ!» አሉ እትዬ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የእሳቸውን ምዝገባ ገልብጬ እያንዳንዱን ነገር ተራ በተራ መለወጥ ጀመርኩ። ስሙን ቀየርኩ፤ እንቢ። ወረዳውን ቀየርኩ፤ እንቢ። የልደት ቀኑን በራሴ ልደት ስተካው ተከፈተ! የእሳቸውን ቀን መልሼ አየሁት። ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት ይላል።

«እትዬ፣ የጳጉሜን ልጅ ነዎት እንዴ?»

«የሩፋኤል ነኛ! እናቴ የሩፋኤልን ዝናብ ልትታጠብ ደጅ እንደወጣች ነው ምጥ የያዛት።»

ነገሩ ገባን። ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ የተማሪው ሁሉ ልደት በእኛው አቆጣጠር በጅምላ ገብቶበታል። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲገጥመው ግራ ገብቶት ቀጥ ይላል።

«ያ ረቢ! አላህ የሰጣቸውን ወር እኛ ነጠቅናቸው!» አለ ነስሩ ራሱን ይዞ።

ሰዓቱ እየገፋ ነው። አቋራጩ ግን ቀላል ነበር። «እትዬ፣ ልደትዎን ለዛሬ ብቻ ነሐሴ ሠላሳ ልበለው፤ ወዲያው ይገባሉ» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «እናቴ ‹የሩፋኤል ስጦታዬ› እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዘንድሮ ቀበርኳት። እሷ የሰጠችኝን ቀን ለአንድ ወረቀት ብዬ አልለውጥም። ማሽናችሁን ማስተካከል ከቻላችሁ አስተካክሉት፤ ካልሆነም ለከርሞ ያድርሰን» ብለው ቦርሳቸውን አነሡ።

በጣም አናደዱኝ። «ወይ ግትርነት!» አልኩ በልቤ። ግን ያን ጭቃ ገፍተው መጥተው እንዲሁ ሊመለሱ ነው ብዬ ሳስብ ሆዴ አልችል አለ። «ይቀመጡ እባክዎ» አልኩና ፕሮግራሙን ከፍቼ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን ላስተምረው ገባሁ። ነስሩ የምስሩን ሳምቡሳ አቀረበላቸው፤ እሳቸው የገብስ ቆሎ ዘገኑለት። እኔ ስጽፍ ሁለቱ ከኋላዬ ቆሎ ይቆረጥማሉ። መብራት እንዳይጠፋ ሦስታችንም በየሃይማኖታችን ስንለምን ነበር።

ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ገጹ ተከፈተ። ጽሑፉ ገባ። እትዬ እልልታቸውን ሲያቀልጡት፣ ጎረቤት ቢሮ ያሉት ምን ሠርግ ነው ብለው ብቅ አሉ። «ሸጋ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። በዚያው ዓመት ተመረቁ።

ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። እሺ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቀናቸውን ለውጬ፣ ሻዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ከዚያ በኋላም ለማሽን እንዲመች ሰውን ሳስተካክል እኖር ነበር። ሥራዬን ያስተማረችኝ ያቺ እንቢታቸው ናት። ባሉበት እግዜር ይስጥልኝ።

ባልደረባዬ ሣቋን ትታ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከዚያ የልደት ቀን የሚለው ቦታ ላይ ጳጉሜን ሦስት ብላ ራሷ ጻፈችና «አስገባ» የሚለውን ተጫነች። ሁለታችንም ስክሪኑን አፍጥጠን ጠበቅን።

«ተከፈተላቸው፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ።