እትዬ ቀጠሮና የጋራው ካላንደር

እትዬ ቀጠሮ ኮምፒውተር ጠልታ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ያን ሰሞን ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ «ዘመኑ አልፎባት ነው» እያለ ሲያማት ከርሟልና። ውሸት ነው። አቤቱታ ስትተይብ ጣቷ አይታይም። እሷ የጠላችው አንዲት ቃል ነው፤ «የጋራ» የምትለዋን።

ቢሮው የጠበቆች ቢሮ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍል። መሥራቹን ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ሁለተኛዋ ጠበቃ ልጃቸው ናት። ሦስተኛው ከሰላምታ ሌላ ቃል የማይወጣው ዝምተኛ ሰውዬ ነው። እትዬ ቀጠሮ ደግሞ ጸሐፊያቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀጠሮ መዝገቡን ይዛ በሩ ላይ የተቀመጠች። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ የፍርድ ቤት ቀን አላመለጣትም፤ ይህን ደግሞ ታውቃለች፣ ሰው እንዲያውቅላትም ትፈልጋለች።

መዝገቡ ላይ የሁለቱን ጠበቆች ቀጠሮ በእስክርቢቶ ትጽፋለች። የጋሼን ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ በእርሳስ ነው። ጋሼ መርሳት ጀምረዋል። ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው፤ ሕጉን በአንቀጽ ይጠቅሳሉ፣ ይቀልዳሉ። ከምሳ በኋላ ግን ፊታቸው የተቀመጠውን ደንበኛ «የምን ጉዳይ ነበር ያልከኝ?» ብለው ሦስቴ ይጠይቁታል። ስለዚህ ቀላል ቀላሉን ጠዋት ታስገባላቸዋለች፣ ከባዱን ወደ ዝምተኛው ታሻግራለች፤ ከሰዓት በኋላውን በእርሳስ ሰረዝ ታደርግበትና ለመጣው ሁሉ «ጋሼ ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች። ዝምተኛው ጠርጥሮ እንደሆነም አልተናገረም። ልጅቷ ውሎዋ ፍርድ ቤት ነው፤ አታውቅም። ካወቀች አባቷን ከወንበሩ ታነሳለች። ከዚያ ወንበር ከተነሡ ደግሞ ጋሼ አለቀላቸው። እትዬ ቀጠሮ የፈራችው ይህንኑ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሁሉንም ሰበሰበች። «የደንበኞቻችን ደብዳቤ ሰው ማሽን ላይ ነው የሚያድረው» አለች። «ኢሜይሉን የሚሰጠን ኩባንያ ደስ ባለው ቀን ደንቡን ይቀይራል፣ እኛ ቆመን እናያለን። የራሳችን ይኑረን። ኦፕን ሶርስ፣ እዚሁ ቢሯችን ውስጥ። ካላንደሩም የጋራ ይሆናል፤ ማን መቼ ከማን ጋር እንደሆነ ሁላችንም እናያለን።»

እትዬ ቀጠሮ የመጨረሻዋን ስትሰማ ክው አለች።

ሊተክለው የመጣው ባለሙያ ከቅጥነቱ የተነሳ በመጣ በሰዓቱ «ሽቦ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ያወጣችለት ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

«ኦፕን ሶርስ ማለት ምንድን ነው?» አለችው፣ ደንበኞቹ መቀመጫቸው ላይ ሆነው እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ክፍት ማለት ነው፣ እትዬ። የተሠራበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው።»

«የሰው ምስጢር ክፍት አድርገን ልናሰጣው ነዋ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠች የፍቺ ባለጉዳይ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ደብዳቤው አይደለም ክፍት፣ አሠራሩ ነው» አላት ሽቦ ረጋ ብሎ። «ልብስ ሰፊው ልብሱን እንዴት እንደሰፋው ቢያሳይዎት ኪስዎን አየብዎት ማለት አይደለም።»

መልሱ ጥሩ ነበር። ጥሩ በመሆኑ የባሰ ጠላችው።

ሽቦ የወረቀት ማከማቻው ክፍል ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አስነሥቶ ሦስት ፕሮግራም በየተራ ለሳምንት ለሳምንት አስሞከራቸው። የመጀመሪያው ኢሜይሉ ፈጣን ነው፤ ካላንደሩ ግን ሌላ በር፣ ሌላ የይለፍ ቃል ይፈልጋል። «አንድ ቤት ለመግባት ሁለት ዘበኛ» አለችና ጣለችው። ሁለተኛው የሌለው ነገር የለም፤ ኢሜይል፣ ካላንደር፣ ውይይት፣ የፋይል መደርደሪያ። አሮጌው ማሽን ግን ተሸክሞት መንቀሳቀስ አቃተው፤ አንድ ደብዳቤ እስኪከፈት ዝምተኛው እንኳ ተነፈሰ። ሦስተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ኢሜይሉና ካላንደሩ አንድ ላይ፣ ስልክ ላይም የሚገባ፣ ችግር ሲገጥም በየአገሩ የሚጠቀሙበት ሰዎች መልስ የሚሰጡበት።

እሷ ለሦስቱም የስድብ እጥረት አልነበረባትም። ሽቦ ሲያልፍ እግሯን አትሰበስብም። ሲጠይቃት የምትመልሰው ለግድግዳው ነው። ልጅቷም ትዕግሥቷ እያለቀ «እትዬ፣ በእናትሽ ሥራ አታደናቅፊ» ማለት ጀምራ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሲተላለፉ ኮሪደሩ ይጠባቸዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ግን እትዬ ቀጠሮ ወንበሯን ወደ ሽቦ አስጠጋች።

«ይሄ ነገር እርሳስ አለው?»

«እርሳስ?»

«ጽፌው ሌላው የማያነበው።»

ሽቦ ትንሽ አሰበና አንዲት ትንሽ ሳጥን አሳያት። አጠገቧ «የግል» ይላል። «እዚህ ላይ ምልክት ካደረጉ ምን እንደጻፉ ከእርስዎና ከቀጠሮው ባለቤት በቀር ማንም አያነብም።»

በማግሥቱ ስብሰባ ላይ «ሦስተኛው ይሁን» አለች፣ አፏን ሞልታ። ልጅቷ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሽቦማ ሊስማት ምንም አልቀረው።

እትዬ ቀጠሮ የዚያኑ ቀን የጋሼን ከሰዓት በኋላ የሁለት ወር ያህል አንድ በአንድ «የግል» እያለች ሞላች። ሽቦን የጠየቀችው ጽሑፉ ይነበባል ወይ ብላ ነው፤ እሱም የጠየቀችውን መለሰላት። ቦታውስ ምን ሆኖ ይታያል ብላ አልጠየቀችም፤ እርሳስ መዝገብ ላይ ሲደበዝዝ እንጂ ሲጮህ አይታ አታውቅም። የሌሎቹ ስክሪን ላይ ግን ጽሑፉ ብቻ ነበር የተሸፈነው። ሰዓቱ በቀይ «ተይዟል» ይላል። ሰኞ ተይዟል፣ ማክሰኞ ተይዟል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ተይዟል፣ የሚቀጥለውም ወር ተይዟል።

አንድ ትልቅ የይግባኝ ጉዳይ መጣ፤ ደንበኛው ጋሼን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ልጅቷ ካላንደሩን ከፈተች፣ ባዶ ከሰዓት በኋላ ፈለገች፣ አጣች። በማግሥቱ ከፍርድ ቤት ቀደም ብላ ተመለሰችና እትዬ ቀጠሮ «ስብሰባ ላይ...» ብላ ሳትጨርስ የአባቷን በር ከፈተች።

ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ። ጠዋት የተከፈተው ፋይል እዚያው ገጽ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃል። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩና ከወንበራቸው ከፍ አሉ፣ እንደ ደንባቸው።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሏት። «ጉዳይዎ ምን ነበር?»

ልጅቷ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። መጥታ እትዬ ቀጠሮ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት ሊሞላው ነው።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

እርስዎ። እዚህ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ ቀለም ስትሞነጭር ያደገች፣ ትናንት «አንቺ» ስትላት የነበረች ልጅ «እርስዎ» አለቻት። ለእትዬ ቀጠሮ ከጥፊ ይከፋል።

«ሐኪም ዘንድ ልወስደው የምችልበትን ዓመት ነው የወሰዱብኝ» አለች ልጅቷ። «መብቱን ማን ሰጠዎት? ማን ነዎት?»

«በሩን ከፍቼ የማያቸው እኔ ነኝ» አለች እትዬ ቀጠሮ። «አንቺ አባትሽን ካላንደር ላይ ስትፈልጊያቸው ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለያችሁ። በዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ገብተሽ ብትቀመጪ፣ እኔ ምን ልደብቅሽ እችል ነበር?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም ይቅር ያልተባባሉት፤ እስከ ዛሬም።

ልጅቷ የእትዬ ቀጠሮን ስክሪን ወደ ራሷ አዞረችና መልሳ ወደ እሷ ገፋችው። «ሁሉንም ይሰርዙ። የጠዋቱንም። አሁን፣ እኔ ቆሜ እያየሁ።»

እትዬ ቀጠሮ ጥርሷን ነክሳ ሰረዘች። የነገን፣ የተነገወዲያን፣ የሳምንቱን። በንዴት ስለምትጫን ቁልፎቹ ይንኳኳሉ። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ከጋሼ ክፍል ትንሽ ደወል ሰማች። ስድስተኛው ላይ ደገመ፣ ሰባተኛውም ላይ። ፕሮግራሙ ቀጠሮ በተሰረዘ ቁጥር ለባለቤቱ መልእክት ይልካል፤ የሰረዘውን ሰው ስምም ይጽፋል። ሽቦ ይህንን ሲናገር እሷ ግድግዳውን እያየች ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ከፊታቸው ራቅ አድርገው ወጡ። እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«የነገ ጠዋት ቀጠሮዎ በእትዬ ቀጠሮ ተሰርዟል። የሐሙስ ጠዋት ቀጠሮዎ በእትዬ ቀጠሮ ተሰርዟል።» ሌላም አነበቡ። ከዚያ ስልኩን ዝቅ አድርገው አዩዋት። ዓይናቸው የጠዋት ዓይን ነበር፤ ጥርት ያለ። «ምን አጥፍቼ ነው?» አሏት።

እትዬ ቀጠሮ ወደ ልጅቷ ዞረች። አንድ ቃል፣ «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» እንድትልላት ጠበቀች። ልጅቷ ወለሉን ታያለች።

«ምንም አላጠፉም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ነገ ማን ነው የሚመጣው?»

የእትዬ ቀጠሮ እጅ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ነው።

«ማንም የለም» አለቻቸው።