አጅባር ላይ ማንም ያልቀመሰው በግ

ማክሰኞ ሲነጋጋ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ የተነሳነው ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔና እትዬ ፋጡማ። የሄድንበት ጉዳይ የበግ ጠጉር ነው። የአምስት ቀበሌ ሴቶች ጠጉር ፈትለን ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምናሠራበት ማኅበር አለን። ዘንድሮ ጠጉሩ አለቀብንና እንዝርታችን ተሰቀለ። ክረምት ሳይገባ ካላገኘን ማኅበሩ መበተኑ ነው።

ጠጉር ያላቸው የአጅባር ሴቶች ናቸው። እነሱም ማኅበር አላቸው፤ ግን ተቀይመውናል። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ የእኛ ሰዎች ሄደው ገበያቸውን ጠራርገው ገዝተው መጡ። ሊቀመንበራችን እትዬ ጽጌ ደውለው «እንቀራረብ፣ እመጣለሁ» ቢሏቸው «ነይና እናያለን» አሏቸው። ሊሄዱ ሲሉ ወገባቸውን ያዛቸውና «ቶይባ፣ ካፍሽ ወሬ አይጠፋም፤ አንቺ ሂጂልኝ» አሉኝ።

መንገድ ላይ

ሾፌሩ ራዲዮ ከፍቷል። ጎረቤታሞች አገሮች ያቋቋሙት ኅብረት፣ ከአጠገቡ ካለ ሌላ አገር ጋር በፖለቲካም በኢኮኖሚም ግንኙነቱን ሊያጠናክር ነው ይላል። ከፊታችን ጀሪካን ታቅፎ የተቀመጠ ሰውዬ «ግንኙነት ማጠናከር ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«እኛ አሁን የምንሄድበት ነዋ!» አሉት እትዬ ፋጡማ።

ሰውዬው ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየን። «ለመንግሥት ነው?»

«ለጠጉር።»

ሰውዬው ጀሪካኑን ጠበቅ አድርጎ አቀፈና ወደ ፊቱ ዞረ።

አቀስታ አደርን። የአልጋው ብርድ ልብስ ሳሳ ያለ ስለነበር እኛ ባና ሻጮቹ ስንንቀጠቀጥ ነጋ። እትዬ ፋጡማ የሆቴል ምግብ አያምኑም፤ ለሳምንት የሚበቃ በሶ በከረጢት ይዘዋል። ቁርስም በሶ፣ እራትም በሶ።

ረቡዕ፣ አጅባር

ጉሙ የገብሱን ማሳ ሸፍኖት፣ በካብ በካብ መሀል ስንንገላታ አረፋፍደን ገባን። ሾፌሩ «ዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ፤ የቀረ ቀረ» ብሎን ሄደ።

የአጅባሮቹ ሊቀመንበር ዘምዘም ከአምስት ሴቶች ጋር በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። እኛም ከብርዱ የተነሳ እስከ አፍንጫችን ተከናንበናል። «ጉዳዩ ከምሳ በኋላ» ብላ አስገባችን። አንድ ሙሉ በግ ተሠርቶ በትልቅ ትሪ ቀረበ። ይኼኔ ዘምዘም አቀረቀረች።

«አፉ በሉን» አለች። «አርደን ከጨረስን በኋላ ነው ብርቄ ረቡዕ መሆኑን ያስታወሰችን። እንግዳን በጾም ቀን በሥጋ መቀበል!» ብርቄ ጸሐፊያቸው ናት፤ ክርስቲያን ነች።

እትዬ ፋጡማ ግራ ገባቸው። «እኛን ደግሞ የምን ረቡዕ አገኘን?»

«ክርስቲያን አይደላችሁም እንዴ?»

«እኔ ፋጡማ፣ ይቺ ቶይባ!»

ለካ የጠበቁት ክርስቲያን የሆኑትን እትዬ ጽጌን ነው። ሰላምታችን እንዳይለየን፣ እኛ አገር አሰላሙ አለይኩሙን ክርስቲያኑም ይለዋል።

«አልሐምዱሊላህ!» ዘምዘም ፊቷ በራ። «በሉ፣ ቢስሚላህ በሉና ብሉ!»

እትዬ ፋጡማ እጃቸውን ዘረጉና መሀል ላይ አቆሙት። «ዘምዘም፣ ማን ነው ያረደው?»

ዘምዘም ወደ ብርቄ ዞር አለች።

«የብርቄ ባል» አለች ቀስ ብላ። «ለክብራችሁ ብለን...»

እስላሞቹ በአራጁ፣ ብርቄና ጓደኛዋ በረቡዕ፣ ስምንት ሴት አንድ በግ ከበን ቁጭ። የዘምዘም ባል ገበያ ውሏል፤ ሌላ ይታረድ እንዳይባል መኪናችን ሊሄድ ነው። እሷ ደግሞ «እንግዳዬ ሳይቀምስ ቃል አልሰጥም፤ የአባቴ ቤት ሥርዓት ነው» አለች። በቃ፣ ማኅበራችን በበግ ምክንያት ተበተነ አልኩ በልቤ።

እትዬ ፋጡማ ከረጢታቸውን ጎተቱ። «አምጪ ሳህን። በሶ አራጅ አይፈልግም።»

ብርቄ የኑግ ዘይትና ጨው አመጣች። ታሸ፤ ከአንድ ትሪ ተቆረሰ። ዘምዘም ጎርሳ ስታበቃ «ወላሂ ጉድ ነው! እንግዳ አብልቶን አረፈው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች፤ ሁላችንም ተከተልናት። ሳቁ ሲበርድ እንባዋን ጠርጋ አየችኝ።

«ያኔ ጠጉሩን መግዛታችሁ አይደለም እኮ። ጠራርጋችሁ ስትሄዱ ደጃችንን ረግጣችሁ ውኃ እንኳ አልቀመሳችሁም። እሱ ነው ያንገበገበን።»

«አፉ በሉን» አልኩ በተራዬ።

ቀሪው ቀላል ሆነ። እነሱ የሚፈትሉትን ካስቀሩ በኋላ የተረፈውን ለእኛ ይሸጣሉ፤ እኛም በቅዳሜ ገበያችን ለባናቸው ቦታ እንሰጣለን። ብርቄ ስትጽፍ አንደኛ ያለችው ግን ይኼንን ነው፦ «በስብሰባ ቀን ሁለት አራጅ ይኑር፤ ስልክ ሲደወል የሚመጣው ማን እንደሆነና ጾሙ አስቀድሞ ይጠየቅ።» በጉ ለሐሙስ ለብርቄ ቤት ተላለፈ። ባሏ አርዶ ባሏ በላው።

ቤት

ሐሙስ ማታ ሁለት ጆንያ ጠጉር መኪና ላይ ጭነን ገባን። እትዬ ጽጌ በጀርባቸው ተኝተው «ምን አበሏችሁ?» አሉ።

«የእትዬ ፋጡማን በሶ።»

«አዋረዱን በዪኛ!»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ወገባቸውን ይዘው «ተዪኝ፣ ገደልሽኝ» እስኪሉ ሳቁ። ራስጌያቸው ያለው ራዲዮ እነዚያ አገሮች ስምምነቱን ተፈራረሙ አለ።

«እነሱም ተሳካላቸው» አሉ።

«መፈራረማቸውንማ ነገረን» አልኳቸው። «አብረው ምን እንደበሉ ግን አላወራም።»

እንዝርቴን ከተሰቀለበት አወረድኩት።