ወረንጦና መቀስ

ሰቆጣ ሆስፒታል በዐይን ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን አሠልጣኛችን ሲስተር ዘውዴ ጥርስ ያላት ትንሽ መቆንጠጫ ሰጡኝ። "ይሄማ የእናቴ ወረንጦ ነው" አልኩ።

"ወረንጦ ይነቅላል። ይሄ ያነሣል" አሉኝ ፊታቸውን አጥቁረው።

የዐይኑ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን የሚፍቀው ሰው ሲመጣ፣ የዐይኑን ቆብ አደንዝዘን እንሰነጥቃለን። በመቆንጠጫው ጠርዙን እናነሣለን። መቀሱን ዘግተን አስገብተን ውስጥ ስንከፍተው ሥጋው ሳይቆረጥ ይለያያል። ከዚያ ጠርዙን ወደ ውጭ አዙረን እንሰፋለን። ሲስተር ዘውዴ "ብዙ የሚቆርጥ እጅ የፈራ እጅ ነው" ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው ዝቋላ ወረዳ፣ ጤና ኬላ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን ስንሠራ እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ አሮጊት በልጃቸው በአበባ ተመርተው መጡ። የቀኝ ዐይናቸው ነጭ ሆኗል፤ ግራው ጥላ ብቻ ይለያል። የሚወጋቸውን ፀጉር የሚነቅሉበት ወረንጦ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ያይልኛል ልጄ?"

"አያይልዎትም እማማ። መውጋቱን ግን ይተዋል።"

"እሱን ከተወኝማ ተመስገን ነው።"

አበባም ዐይኗን ታሻለች። ቆቧን ገልብጬ አየሁት። ፀጉሩ መፋቅ ጀምሯል፤ ብሌኗ ግን ገና ጤነኛ ነው። "አንቺንም ዛሬውኑ ልሥራሽ" አልኳት።

ከእናቷ ጋር በቋንቋቸው በኽምጣና ትንሽ ተነጋገረችና፣ "የሁለታችንም ዐይን ከታሸገ ማን ይመራናል? እናቴንስ መቅደም ነውር አይደለም? በሚቀጥለው ስትመጡ ይሁንልኝ" አለች።

ነገሩ ልክ መሰለኝ። እናትየውን ሠራሁ። ከሰፋኋቸው ሁሉ ያማረው ስፌት እሱ ነው። በማግስቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ተሻገርን።

በሚቀጥለው ያለችው ቀን ግን አልመጣም። ጦርነት መጥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ማደንዘዣውም ክሩም አለቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰላም ሆኖ ያው ጤና ኬላ ስንደርስ ሁለቱን ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። በትር ይዘው ከፊት የቆሙት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል። አበባ ነጠላቸውን ጨብጣ ከኋላ ቆማለች። ሁለቱም ብሌኖቿ ነጭ ሆነዋል፤ ወረንጦው አሁን በእሷ አንገት ላይ ነው።

"ያይልኛል ወንድሜ?" አለችኝ።

ለእናቷ የመለስኩትን ቃል ለእሷም ደገምኩት። ሠራኋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኛ ደረሰ።

አሮጊቷ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። "እኔማ ያለቀልኝ ነበርኩ" አሉኝ። "እሷን ነበር ማስቀደም።"

አሁን እኔም አሠልጣኝ ነኝ። ሁለት ሰዎች ተያይዘው ከመጡ መጀመሪያ መሪውን እንሠራለን።