በጉ እንዳያይ

የኮሮና ሰሞን ለአረፋ በግ ልናርድ ከምንኖርባት ከኮሎምበስ ከተማ ወጥተን ገጠር ያለ እርሻ ስንደርስ ቢላውን ቤት ረስቼዋለሁ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ግሮቭፖርት በምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ካርቶን የምከፍትበት ሰንጢ ብቻ ነው፤ እሱም ዶልዱሟል። የመኪናውን መስታወት ግማሽ ድረስ አውርጄ በጠርዙ መሳል ጀመርኩ።

አብረውኝ የመጡት ሽማግሌ ጎረቤቴ ጮኹብኝ፤ «በጉ እያየ ይሳላል እንዴ?»

ወደ ማዶው በር ዞርኩ፤ በጉም ገመዱን እየጎተተ ዞረ። ተመለስኩ፤ ተመለሰ።

«ቶሎ በል እንጂ!»

«ጋሼ፣ እሱን አዙሩልኛ!»

ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ጠረቀምኩትና የሻይ ኩባያዬን ገልብጬ በሻካራ ቂጡ ሳልኩት። በሪሲት ወረቀት ሞከርኩት፤ ሰነጠቀው። እፎይ ብዬ ቀና ስል፣ በጉ በስፖኪዮው ውስጥ ትክ ብሎ ያየኛል።